ስለ ሴሌሮን 300ኤ፤ በጥቂት ገንዘብ የጨዋታ ኮምፒዩተር የመገጣጠም ልማድ ታሪክ

ነሐሴ 18 ቀን 1990 ዓ.ም.፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1998፥ ኢንቴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አዳዲስ ፕሮሰሰሮችን በአንድ ቀን ለገበያ አወጣ። አንደኛው በ450 ሜጋኸርትዝ የሚሠራ ፔንቲየም 2 ሲሆን ለጅምላ ገዢ የተቈረጠለት ዋጋ 669 ዶላር ነበረ፤ ሁለተኛው ሴሌሮን 300ኤ ይባላል፤ ፍጥነቱ 300 ሜጋኸርትዝ፥ ዋጋውም 149 ዶላር ነበረ። ኩባንያው የመጀመሪያውን ለባለጸጋ፥ ሁለተኛውን ገንዘቡ ላነሰ ሰው ብሎ ማዕርግ ቢመድብላቸውም፥ ብዙ ሳይቈይ የጨዋታ ወዳጆች ርካሹን በውዱ ፍጥነት ማሠራት እንደሚቻል ደረሱበት፤ ለዚህም በአብዛኛው የሚያስፈልገው አንድ ቍጥር መለወጥ ሆኖ ተገኘ። ዕቃን ለይቶ እየመረጡ በጥቂት ገንዘብ ኮምፒዩተር የመገጣጠም ልማድ ከዚያ ቀን አስቀድሞ የነበረ ነው፤ ነገር ግን ዕውቀት የገንዘብን ጕድለት ምን ያህል ሊሞላ እንደሚችል እንዲህ በግልጥ በቍጥር የታየበት ሌላ ጊዜ አላውቅምና፥ የልማዱን ታሪክ ከመሠረቱ አንሥቼ እተርካለሁ፤ የሚከተሉትንም ዓመታት ሁሉ በእኛው አቈጣጠር አኖራለሁ።

በመጀመሪያው ዘመን ኮምፒዩተር የመንግሥትና የታላላቅ ድርጅቶች ንብረት ነበረ። በ1967 ዓ.ም. በኒው ሜክሲኮ አልበከርኪ የሚገኝ ሚትስ የተባለ ትንሽ ድርጅት አልቴር 8800 የተባለውን ኮምፒዩተር ተበታትኖ በተቀመጠ ዕቃ መልክ፥ ከ400 ዶላር በታች ዋጋ አቅርቦ፥ ገዢው ራሱ እየበየደ እንዲያቆመው ባደረገ ጊዜ፥ ኮምፒዩተርን በገዛ እጅ መሥራት የሚባለው ነገር በተራው ሰው ቤት ገባ። ይሁን እንጂ ለልማዱ እውነተኛ መሠረት የጣለው፥ እንዲህ ያለ ሐሳብ ያልነበረው አይ ቢ ኤም ነው። በፍሎሪዳ ቦካ ራቶን፥ በዶን ኤስትሪጅ መሪነት የሚሠራው ቡድን በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ሥራውን እንዲፈጽም ስለ ታዘዘ፥ ሁሉን ከቤቱ ከማዘጋጀት ይልቅ ፕሮሰሰሩን ከኢንቴል፥ ሌላውንም ከየነጋዴው ገዝቶ አሰናዳ፤ ማዘርቦርድ በሚባለው ዋና ሰሌዳም ላይ ተጨማሪ ካርድ የሚሰካባቸው አምስት ክፍት ስፍራዎች ትቶ፥ የሥራውን ሥዕልና ዝርዝር በመጽሐፍ አሳትሞ ለሚፈልግ ሁሉ ሸጠ። ነሐሴ 6 ቀን 1973 ዓ.ም. ይህ ኮምፒዩተር በ1,565 ዶላር መነሻ ዋጋ ለሕዝብ በተገለጠ ጊዜ፥ ምስጢሩም አብሮ ተገልጦ ነበር ማለት ይቻላል።

ለአይ ቢ ኤም የቀረው አንድ ቍልፍ ቢኖር ባዮስ የሚባለው፥ ኮምፒዩተሩ ሲበራ አስቀድሞ የሚነሣው ፕሮግራም ነው። እርሱንም በሂውስተን የተቋቋመው ኮምፓክ የዋናውን ጽሑፍ ባላዩ ባለሙያዎች እንደ ገና አስጽፎ በ1975 ተመሳሳዩን ኮምፒዩተር ሲያሳውቅ፥ በኋላም ፊኒክስ የተባለው ድርጅት የራሱን ተመሳሳይ ባዮስ ለማንኛውም ሠሪ መሸጥ ሲጀምር፥ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። አይ ቢ ኤም በ1979 ዓ.ም. ማይክሮ ቻነል በሚባል አዲስና በፈቃድ ብቻ በሚሠራ መሰኪያ በሩን ሊዘጋው ቢሞክር፥ ኮምፓክና ስምንት ሌሎች ኩባንያዎች በመስከረም 1981 ተባብረው የቀድሞውን መሰኪያ የሚያስፋፋ የራሳቸውን ሥርዐት አወጡ፤ ገበያውም ለአይ ቢ ኤም አልታዘዘም። ከዚያ ወዲህ ከአንዱ አገር የመጣ ማዘርቦርድ ከሌላው አገር ካርድ ጋር እንዲገጥም የሚያስገድደው ሕግ የማንም ጌታ ሕግ መሆኑ ቀርቶ የጋራ ሆነ።

የዚህ ነጻነት ፍሬ በገበያዎች ታየ። በቶክዮ አኪሃባራ ከጦርነቱ በኋላ የሬዲዮ ክፍል በመንገድ ዳር ይሸጡ የነበሩ ሰዎች በ1940ዎቹ መጀመሪያ ከመንገዱ እንዲነሡ ሲታዘዙ ወደ ባቡሩ ሐዲድ ሥር ገብተው የጠባብ ሱቆች መንደር መሥርተው ነበርና፥ የኮምፒዩተር ዕቃ በመጣ ጊዜ ቦታውም ደንበኛውም ተዘጋጅቶ ጠበቀው። በታይፔይም ጓንግሁዋ የሚባለው፥ በድልድይ ሥር አሮጌ መጻሕፍት ሲሸጥበት የኖረ ገበያ፥ ማዘርቦርድ ለዓለም የሚያቀርቡት ፋብሪካዎች ጎረቤት በመሆኑ፥ ከመጽሐፉ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ዞረ።

እስከዚህ ድረስ ግን ጥቅሙ ርካሽ መግዛት ብቻ ነበረ፤ መምረጥን ጥበብ ያደረጉት ጨዋታዎች ናቸው። አይዲ ሶፍትዌር የተባለው ኩባንያ በታኅሣሥ 1986 ያወጣው ዱም ልዩ ካርድ ሳይጠይቅ በተራ ፕሮሰሰር የሚሠራ ሲሆን፥ ያው ኩባንያ በሰኔ 1988 ያወጣው ኵዌክ ግን ገዢዎችን ክፉኛ ፈተነ። በዚያ ጊዜ ሳይሪክስ የተባለው ኩባንያ 6ኤክስ86 የሚባለውን ፕሮሰሰር ከፔንቲየም በረከሰ ዋጋ ያቀርብ ነበር፤ በ133 ሜጋኸርትዝ የሚሠራውን “ፒ166+” ብሎ የሰየመው፥ በጽሕፈትና በሒሳብ መዝገብ ሥራ ከ166ቱ ፔንቲየም አያንስም ለማለት ነው፤ በዚያ ሥራም ስሙ እውነት ነበረ። ኵዌክ ግን የግድግዳውንና የወለሉን መልክ በርቀት ልክ ለማሳየት የነጥብ ቍጥር ማካፈል እጅግ ይበዛበታል፤ በፔንቲየም ውስጥ ይህ ማካፈል በጎን ሲካሄድ ዋናው ክፍል 16 ነጥብ ሥዕል እየሣለ ይቈያልና፥ ጨዋታው ለፔንቲየም በልኩ የተሰፋ ሆነ። በሳይሪክስ ግን የነጥብ ቍጥሩ ክፍል ደካማ ስለ ነበረ፥ በርካሽነቱና በስሙ የገዛው ሰው ጨዋታውን ሲከፍት ሥዕሉ እየተቈራረጠ አየ። በቅሎ የሚገዛ ሰው ኮርቻዋን ትቶ ሰኰናዋን እንደሚያይ፥ የኮምፒዩተር ገዢም ከዚህ በኋላ በሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ቍጥር ትቶ፥ “እኔ ለምፈልገው ጨዋታ የትኛው ክፍል ይሠራል?” ብሎ መጠየቅን ተማረ።

ለዚህ ጥያቄ ሁለተኛውን መልስ የሰጠው በካሊፎርኒያ ሳን ሆሴ የተመሠረተው 3ዲኤፍኤክስ ነው። ቩዱ የተባለው ካርዱ በመጀመሪያ ለጨዋታ አዳራሽ መኪናዎች የታሰበ ነበረ፤ በቤት ኮምፒዩተር ሊገባ የቻለው በ1988 ዓ.ም. የሜሞሪ ዋጋ በድንገት ስለ ወደቀ፥ 4 ሜጋባይት የሚሸከም ካርድ በ300 ዶላር ገደማ መሸጥ ስለ ተቻለ ነው። ካርዱ የጨዋታን ጥልቅ ሥዕል ብቻ የሚሠራ በመሆኑ፥ ተራውን ሥዕል የሚያወጣ ሌላ ካርድ ከጎኑ ያስፈልገዋል፤ ሁለቱም በውጭ በአንድ አጭር ገመድ ይያያዛሉ። ላዩን ላየው ሁለት ካርድ መግዛት ብክነት ይመስላል፤ እንዲያውም ቍጠባ ነበር፤ ሰውየው የነበረውን አሮጌ ካርድ ሳይጥል፥ ማዘርቦርዱንም ሳይለውጥ፥ ገንዘቡን ሁሉ ጨዋታው በሚጠይቀው በአንዱ ክፍል ላይ ማፍሰስ ይችላልና። እኔ እንደማምነው ዛሬም የጥሩ መራጭ ምልክቱ ይህ ነው፤ ገንዘብን ለሁሉም ክፍል እኩል ከማከፋፈል ይልቅ ሸክሙ የሚያርፍበትን ክፍል አውቆ ለእርሱ ማድላት።

አሁን ወደ ሴሌሮን እመለሳለሁ። በሚያዝያ 1990 የወጣው የመጀመሪያው ሴሌሮን ኢንቴል ዋጋውን ለመቀነስ ሁለተኛ ደረጃ ካሽ የሚባለውን ቅርብ ሜሞሪ ከላዩ ያስወገደበት ስለ ነበረ በብዙዎች ተነቀፈ። በነሐሴ የመጣው 300ኤ ግን 128 ኪሎባይት ካሽ በዚያው በፕሮሰሰሩ አካል ላይ ታትሞለት፥ በፕሮሰሰሩ ሙሉ ፍጥነት ይሠራ ነበር፤ የውዱ ፔንቲየም 2 ካሽ 512 ኪሎባይት ቢሆንም ከፕሮሰሰሩ ውጭ ተቀምጦ በግማሽ ፍጥነት ይሄዳል። ስለዚህ ትንሹ ካሽ በፍጥነቱ የትልቁን ስፋት አካካሰ። የፕሮሰሰሩ ፍጥነት የማዘርቦርዱ መሠረታዊ ምት በአንድ ብዜት ተባዝቶ የሚገኝ ነው፤ ኢንቴል ይህን ብዜት 4.5 ላይ ቈልፎት ነበር፤ ምክንያቱም አጭበርባሪ ነጋዴዎች የፕሮሰሰሩን ስም እየፋቁ በከፍተኛው ዋጋ ይሸጡ ስለ ነበር ነው። የማዘርቦርዱን መሠረታዊ ምት ግን ሊቈልፈው አልቻለም፤ ለሴሌሮን የተወሰነው 66 ሜጋኸርትዝ ሲሆን፥ ለፔንቲየም 2 የወጣው 440ቢኤክስ የተባለው ቺፕሴት 100 ይችላል፤ 100 በ4.5 ሲባዛ ደግሞ 450 ነው።

ከዚህ በፊት ምቱን ወደ 75 ወይም ወደ 83 ከፍ ያደረጉ ሰዎች ነበሩ፤ ነገር ግን በ83 ካርዶቹና ሃርድ ዲስኩ የተያያዙበት መሥመር ከሕጉ ከ33 ሜጋኸርትዝ አልፎ እስከ 41 ስለሚወጣ፥ መዝገብ የሚበላሽበት ጊዜ ነበረ። በ100 ግን ማዘርቦርዱ ምቱን ለሦስት ከፍሎ 33ን፥ ለግራፊክስ ካርዱም ሁለት ሦስተኛውን ወስዶ 66ን ስለሚሰጥ፥ ሌላው ዕቃ ሁሉ በተወሰነለት ሕግ ይኖራል፤ የሚደክመው ፕሮሰሰሩ ብቻ ነው። ይህ የቍጥሮች መስማማት ከዕድል ያለፈ ጸጋ መስሎ ይታየኛል። በታይዋን ይሠራ የነበረው የአቢት ቢኤች6 ማዘርቦርድ ይህን ለውጥና የኤሌክትሪኩን መጠን ማዘርቦርዱ ላይ ያለ ማገናኛ ሳይነካ ከባዮሱ ገጽ ለመወሰን ስለሚያስችል ተወደደ፤ እንዲህ ያለ ማዘርቦርድ ያልነበራቸውም ቢ21 የተባለውን የፕሮሰሰሩን እግር በጠባብ ፕላስተር ሸፍነው፥ ማዘርቦርዱ “100 የሚሻ ፕሮሰሰር ነው” ብሎ እንዲቀበለው አደረጉ።

ሁሉም ሴሌሮን ግን እኩል አልነበረም። አንዳንዱ በቀላሉ 450 ይደርሳል፤ አንዳንዱ የኤሌክትሪኩ መጠን ከ2 ቮልት ትንሽ ከፍ ሲልለትና በትልቅ ማራገቢያ ሲቀዘቅዝ ብቻ ይጸናል፤ አንዳንዱም ጨርሶ አይደርስም። ስለዚህ ገዢዎች የመለያ ቍጥሩን፥ ማሌዥያ ወይም ኮስታሪካ መገጣጠሙን ሳይቀር ይመረምሩ ጀመር፤ አስቀድመው ፈትነው በ450 የሚጸናውን ብቻ ጥቂት ዋጋ ጨምረው የሚሸጡ ነጋዴዎችም ተነሡ፤ ለልፋታቸው ያስከፈሉትን አልነቅፍም። ሜሞሪውም በ100 የሚጸና መሆን ስላለበት፥ በፕሮሰሰሩ ከተረፈው ገንዘብ አንዱ እጅ ወደዚያ ይሄዳል፤ ይህን ያልቈጠረ ሰው ቍጠባው የሚመስለውን ያህል አልሆነለትም።

ሠሪዎቹ ዝም ብለው አላዩም። የኢንቴል ተወዳዳሪ የሆነው ኤኤምዲ በሰኔ 1992 ያወጣው ዱሮን የተባለ ፕሮሰሰር በላዩ ላይ የተቈረጡ ጥቃቅን የመዳብ ድልድዮች ነበሩበትና፥ ገዢዎች በተራ እርሳስ እያገናኙ ብዜቱን ፈቱት፤ በ1994 በመጣው አትሎን ኤክስፒ ግን ድልድዮቹ በሌዘር ስለ ተቦረቦሩ እርሳስ ብቻውን አልበቃም። 3ዲኤፍኤክስ ደግሞ ካርዱን ራሱ ብቻ ለመሥራት ሌሎች ሠሪዎችን ገፍቶ፥ ነገሩም አልሠመረለትምና፥ በታኅሣሥ 1993 ንብረቱን ለተወዳዳሪው ለኤንቪዲያ ለመሸጥ ተስማማ። ኢንቴልም በጥር 2003 ምቱንና ሌሎቹን መሥመሮች አንድ ላይ አስሮ፥ ብዜቱ የተፈታውን ፕሮሰሰር በስሙ መጨረሻ “ኬ” እየጨመረ በተጨማሪ ዋጋ ሸጠ፤ ቀድሞ ዕውቀት ያስገኘው የነበረው ትርፍ በዋጋ ዝርዝር ውስጥ ገባ።

በ2006 ዓ.ም. የፔንቲየም ስም 20ኛ ዓመት ሲከበር ኢንቴል ብዜቱ የተፈታ ጂ3258 የተባለ ፔንቲየም በ72 ዶላር አወጣ፤ የሴሌሮንን ዘመን የሚያስታውሱ ሁሉ ተደስተው ገዙት። በፍጥነቱም አላሳፈራቸውም፤ ነገር ግን ኮር የሚባለው የማስሊያ ክፍል ሁለት ብቻ ነበረው፤ በኅዳር 2007 የወጣው ፋር ክራይ 4 በሁለት ኮር አልነሣ ስላለ፥ ብዙዎች ጥቁር ገጽ እያዩ ቀርተው፥ ጨዋታውን የሚያስጀምር ማስተካከያ ራሳቸው ፈልገው እስኪያገኙ ድረስ ጠበቁ።