የሚዛን፣ የቴፒና የአካባቢያቸው የማለዳ ገበታ፦ ምን ይበላል? የት ይፈለጋል?

ከጅማ ተነሥቶ በቦንጋ በኩል ወደ ሚዛን፣ ከሚዛንም ሸኮን አልፎ ወደ ቴፒ የሚጓዝ መንገደኛ ማለዳ ላይ የሚያገኘው ገበታ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው በዋናው መንገድ ዳር የሚታየው ነው፤ ፍርፍር፣ ፉል፣ እንቁላል፣ ዳቦ በሻይ። ይህ በሌሎች የአገራችን ከተሞች ከሚቀርበው ብዙም አይለይም። ሁለተኛው ከመንገዱ ገባ ተብሎ፣ በገበያ ዳርና በየሠፈሩ የሚገኘው ነው፤ በኮባ ተጠቅልሎ የተጋገረ ቆጮ፣ የቡላ ገንፎ፣ የተቀቀለ ጎደሬ፣ በቅመም የፈላ የቡና ቅጠል፣ የጫካ ማር።

የመጀመሪያው ገበታ ዱቄት ከሩቅ አገር በጭነት መኪና ይመጣል። ሁለተኛው ግን የሚወጣው ከአካባቢው አርሶ አደር ጓሮ ነው። ስለዚህ የከተማ ነዋሪ ቁርሱን የት እንደሚበላ መምረጡ የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በማለዳ የሚከፍለው ገንዘብ ወደ ማን እንደሚደርስም ይወስናል። ይህ ጽሑፍ የአካባቢውን የቁርስ ምግቦች ምንነት፣ የሚገኙበትን ስፍራና የጥራታቸውን መለያ በቅደም ተከተል ያስረዳል።

ገበታው በከፍታ ይለያያል

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በ2014 ዓ.ም. በኅዳር ወር ሲመሠረት ቦንጋ፣ ተርጫ፣ ሚዛን አማንና ቴፒ የክልሉን ተቋማት የሚጋሩ ማእከላት ሆነዋል። እነዚህ ከተሞች የተቀመጡበት ከፍታ የተለያየ በመሆኑ የሚበላውም ይለያያል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጠው የማሻ ደጋ እንሰት የቤቱ ምሰሶ ነው። በ1,700 ሜትር ገደማ በምትገኘው ቦንጋ ዙሪያም እንሰት፣ ባቄላ፣ ማርና ቅቤ ጎን ለጎን ይገኛሉ። ወደ 1,400 ሜትር ገደማ ወደሚዛን ሲወረድ በቆሎና ጎደሬ ከእንሰት ጋር ቦታ ይጋራሉ፤ ሙዝና አቮካዶ ይበረክታሉ። በ1,200 ሜትር ገደማ በምትገኘው ቴፒ ደግሞ ሙቀቱ ለፍራፍሬና ለቅመማ ቅመም ይመቻል፤ ኮረሪማ፣ እርድ፣ ዝንጅብልና ቁንዶ በርበሬ ከቡናው ጥላ ሥር ይበቅላሉ።

መንገደኛው ይህን ካወቀ ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል። በማሻና በቦንጋ ቆጮና ቡላ፣ በሚዛን ጎደሬና የበቆሎ ቂጣ፣ በቴፒ ፍራፍሬና በቅመም የፈላ ሻይ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ቆጮና ቡላ

እንሰት ለምግብ እስኪደርስ እንደ አካባቢው አየር ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። ሲደርስ እናቶች ግንዱን በእንጨት ሳንቃ ላይ አስደግፈው በቀርከሃ መፋቂያ ይፍቁታል፤ ሥሩንም ይከትፉታል። የተፋቀውና የተከተፈው ተደባልቆ በእንሰት ቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ይቀበርና ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት እንዲብላላ ይተዋል። ቆጮ ይህ ነው። ከፍቁ ተጨምቆ በሚወጣው ውሃ ግርጌ የሚዘቅጠው ነጭ ልም ደግሞ ቡላ ይባላል። ከግንዱ የሚቀረው ጭረት ቃጫ ሆኖ ለገመድ ይውላል።

ለቁርስ የሚቀርበው ቆጮ ቃጫው ከተለቀመና ውሃው በደንብ ከተጨመቀ በኋላ በኮባ ተጠቅልሎ በምጣድ ይጋገራል። ኮባው ቂጣው እንዳያር ይከላከላል፤ መልካም መዓዛም ይሰጠዋል። ቡላው በገንፎ መልክ ተሠርቶ በንጥር ቅቤና በሚጥሚጣ ይቀርባል። ቆጮ ኃይል ሰጪ ቢሆንም የፕሮቲን ይዘቱ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ከአይብ፣ ከባቄላ ወይም ከሌላ ጥራጥሬ ጋር መብላቱ ለጤና ይበጃል፤ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ሲቀርብ በተለይ ሊታሰብበት ይገባል።

ጥሩ ቆጮ የሚለየው በሽታውና በመልኩ ነው። ለስለስ ያለ የመኮምጠጥ ሽታ የተፈጥሮው ነው፤ የመበስበስ ሽታ ያለው፣ የጠቆረ ወይም ሻጋታ የታየበት ግን መገዛት የለበትም።

ጎደሬና ቦዬ

ጎደሬ በዝናባማው ደቡብ ምዕራብ በየጓሮው ይበቅላል። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ገበሬው ወደ ማሳው ከመሄዱ በፊት ተቀቅሎ በጨውና በዳጣ ወይም በሚጥሚጣ ይበላል። ቦዬም እንዲሁ ተቀቅሎ ይቀርባል። በከተማ ገበያዎች ዳር ማለዳ ላይ ትኩስ ጎደሬ ከድስት እያወጡ የሚሸጡ እናቶች ከተገኙ ከቁርስ ቤቱ ባነሰ ዋጋ የሚያጠግብ ምግብ ተገኘ ማለት ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ጥሬ ጎደሬ ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባል መርፌ መሰል ቅንጣት ስላለበት አፍንና ጉሮሮን ያሳክካል። ይህ የሚጠፋው በደንብ ሲበስል ነው። ሲቀመስ ምላስ የሚቆነጥጥ ጎደሬ ገና አልበሰለም፤ ወደ ድስቱ መመለስ አለበት።

ዳቦ ቤቱና የዱቄቱ ጉዳይ

በሚዛንም ሆነ በቴፒ ማለዳ ትኩስ ዳቦ፣ ቦምቦሊኖ፣ ፓስቲና ሳምቡሳ ይሸጣል። ቦምቦሊኖ ስሙም አሠራሩም ከጣሊያን የመጣ ሲሆን ዛሬ በትንሹም በትልቁም ከተማ የሻይ ጓደኛ ሆኗል። በበዓላት ደግሞ ድፎ ዳቦ በየቤቱ ይደፋል። ድፎውን በኮባ መጠቅለል፣ በሊጡም ውስጥ ጥቁር አዝሙድና ኮረሪማ መጨመር የተለመደ ነው። ኮረሪማ የትውልድ አገሩ ይኸው የደቡብ ምዕራብ ጫካ በመሆኑ፣ ዳቦው በቅመሙና በኮባው የአካባቢው ነው ማለት ይቻላል።

ዱቄቱ ግን የአካባቢው አይደለም። ስንዴ ቀዝቃዛ ደጋን ይመርጣል፤ እንደ አርሲና ባሌ ካሉ አካባቢዎች የሚመጣው የፉርኖ ዱቄት ወደ ሚዛንና ቴፒ ለመድረስ ረጅም መንገድ ይጓዛል። ዝናብ መንገዱን ሲያበላሽ፣ የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር ወይም የዓለም የስንዴ ገበያ ሲናጋ ዳቦው ወይ ያንሳል ወይ ይወደዳል። እ.ኤ.አ. በ2022 በዩክሬን ጦርነት ሲቀሰቀስ የስንዴ ዋጋ በዓለም ዙሪያ መናሩ ለዚህ ምሳሌ ነው።

ሌሎች አገሮችም ይህን ችግር ለማቃለል ሞክረዋል። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2005 የዱቄት ፋብሪካዎች ከስንዴው ጋር 10 በመቶ የካሳቫ ዱቄት እንዲቀላቅሉ መመሪያ አውጥታ ነበር፤ ሆኖም ጥራቱን የጠበቀ የካሳቫ ዱቄት በበቂ መጠንና በተከታታይ ማቅረብ አስቸጋሪ በመሆኑ አፈጻጸሙ የታሰበውን ያህል አልሆነም። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የጎደሬ፣ የካሳቫም ሆነ የበቆሎ ዱቄት ሊጡን የሚያለጥጠውና አየር ይዞ እንዲነፋ የሚያደርገው የስንዴ ፕሮቲን የለውም። ስለዚህ በጥቂቱ ሲቀላቀል ዳቦው ደኅና ይሆናል፤ ሲበዛ ግን ይደርቃል፣ ይፈረፈራል። ዳቦ ጋጋሪ መሞከር ቢፈልግ ከአንድ አሥረኛ ባልበለጠ መጠን መጀመር ይመከራል። ዱቄቱን በደረቅ ወቅት በጥንቃቄ አድርቆ የሚያቀርብ አርሶ አደር ወይም ማኅበር አስቀድሞ መገኘቱም ወሳኝ ነው።

የቡና ቅጠልና ቡናው

በቤንችና በሸኮ አካባቢ ማለዳ ላይ የሚጠጣው ከፍሬው የተቀዳ ቡና ብቻ አይደለም። የቡና ቅጠል በምጣድ ሞቅ ተደርጎ ይወቀጥና ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከቃሪያና ከመዓዛማ ቅጠላ ቅጠሎች ጋር ይፈላል። በብዙዎች ዘንድ ጨሞ ይባላል፤ ከጎደሬ ወይም ከቆጮ ጋር ሲጠጣ ሙሉ ቁርስ ይሆናል። በሐረር በኩል ቁጢ የሚባለው የዚሁ ዘመድ ነው።

ይህ መጠጥ በከተማ የቁርስ ቤቶች ዘንድ እንደ ድሃ መጠጥ ተቆጥሮ ወደ ጓዳ ተገፍቶ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2020 የአውሮፓ ኅብረት ከቡና ቅጠል የሚዘጋጅ መጠጥ በገበያው እንዲሸጥ ፈቅዷል፤ ፈቃዱም የተሰጠው በሌላ አገር ለረጅም ጊዜ ሲጠጣ የኖረ ባህላዊ ምግብ በሚለው መደብ ነው። ውጭ አገር ፈቃድ ያገኘን ነገር በሚዛን የሚያልፍ እንግዳ ሳይቀምሰው መመለስ የለበትም። ቅጠሉን ለገበያ የሚያቀርብ አርሶ አደር ግን ፍሬ የያዘውን ቅርንጫፍ ከመላጥ ተቆጥቦ በገረዛ ወቅት የሚወርደውን ቢጠቀም ምርቱ አይጎዳም። የተባይ መከላከያ መድኃኒት የተረጨ ቅጠልም ለመጠጥ መዋል የለበትም።

የት ይፈለግ?

በመጀመሪያ ገበያ ዳር ነው። በገበያ ቀን ከገጠር ለሚመጣው ሰው ምግብ የሚያዘጋጁ እናቶች ጠዋት ቆጮ፣ ጎደሬና ቂጣ ይይዛሉ። ምግቡ ትኩስ የሚሆነውም ሽያጩ ፈጣን ስለሆነ ነው። ቀጥሎ የመናኸሪያ አካባቢ አለ፤ እዚያ ሾፌሮችና ረዳቶች የሚበሉበትን ቤት መከተል አያሳፍርም። በሚዛንና በቴፒ በዩኒቨርሲቲው ግቢዎች ዙሪያ ደግሞ ለተማሪ አቅም የሚሆኑ ዳቦ ቤቶችና የጁስ ቤቶች ይገኛሉ፤ አቮካዶና ማንጎ በዳቦ ለጾመኛም ጥሩ ቁርስ ነው።

በረቡዕና ዓርብ እንዲሁም በአጽዋማት ቅቤና አይብ ያለበት ገበታ ላይገኝ ይችላል፤ በረመዳንም አንዳንድ ቤቶች ጠዋት አይከፍቱም። ማር የሚገዛ ሰው የረጋ ማር ስኳር ገብቶበታል ብሎ መጠርጠር የለበትም፤ ንጹሕ ማርም በጊዜው ይረጋል። ከፋ በጫካ ማሩ የታወቀ በመሆኑ በቦንጋ በኩል የሚያልፍ መንገደኛ ለዳቦው የሚሆነውን ከዚያ ቢሸምት ይጠቀማል።

ገበታው እንዲቀጥል

የዚህ ገበታ አደጋ የቀማሽ ማጣት ብቻ አይደለም። የእንሰት አጠውልግ በሽታ በአገራችን በሳይንስ ከተመዘገበበት እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ የብዙ ቤተሰብ ጓሮ አራቁቷል። መድኃኒት ስለሌለው መከላከያው ጥንቃቄ ነው፤ የታመመውን ተክል ነቅሎ መቅበር፣ ቢላና መፋቂያን ከተክል ወደ ተክል ከማዛወር በፊት በእሳት ማቃጠል፣ ተከላም ከጤነኛ ጓሮ በተወሰደ ችግኝ ብቻ መሥራት ነው። በእንሰቱ ውስጥ የእናቶች እውቀትም አለ። የትኛው ዝርያ ለቆጮ፣ የትኛው ለቡላ፣ የትኛውስ ለቅቅል እንደሚሆን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ጓሮው ሲራቆት ይህም እውቀት አብሮ ይጠፋል።

አርሶ አደሩ ለሰባት ዓመት የሚጠብቀውን ተክል የሚተክለው የሚገዛው ካለ ነው። ስለዚህ የቁርስ ቤት ባለቤቶች በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ቆጮ፣ ቡላ፣ ጎደሬና ጨሞ በገበታቸው ላይ ቢያቀርቡ፣ ከተሜውም ገብቶ «የአገሩ ቁርስ አለ?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ራሱ ገበያ ይፈጥራል። ዳቦው ይቀጥል፤ ከጎኑ ግን የጓሮው ምግብ ቦታውን ያግኝ።