ሙሓሰባ፦ የጠዋቱ ውልና የማታው ሒሳብ



ከዋሂል ፍየሉን በሌላ ሰው እጅ ወደ ድሬዳዋ ገበያ የሚልክ ሰው አስቀድሞ ይዋዋላል፤ በስንት እንደሚሸጥ፣ ትርፉ እንዴት እንደሚካፈል። ማታ ይተሳሰባሉ። ጠዋት ያልተዋዋለ ማታ ምን ብሎ ይጠይቃል?

ቀደምት ዑለማዎቻችን ነፍስን የያዟት እንዲሁ ነበር። በ243 ሒጅራ ባግዳድ ላይ ያረፉት ሓሪስ አል-ሙሓሲቢ በዚህ ስም የታወቁት ነፍሳቸውን አጥብቀው ስለሚተሳሰቡ ነው። ኋላ ኢማም አል-ገዛሊ (ረሒመሁላህ) «ኢሕያእ ዑሉሚዲን» በተሰኘው ኪታባቸው ጉዳዩን በንግድ ሸሪኮች መስለው በስድስት ደረጃ አስቀመጡት፦ ጠዋት ከነፍስ ጋር መዋዋል፣ ቀን መከታተል፣ ማታ መተሳሰብ፣ ስታጠፋ መቅጣት፣ መታገል፣ በመጨረሻም መውቀስ።

ኢማሙ ይህን በራሳቸው ላይ ቀምሰውታል። በ484 ሒጅራ (1091 እ.ኤ.አ.) የባግዳድ ኒዛሚያ መድረሳ ሙደሪስ ሆኑ፤ 300 ያህል ተማሪ ያስቀሩ ነበር። በ488 ኒያቸውን ሲመረምሩ ግን ዝናና ክብር ፍለጋ ሆኖ አገኙት። ስድስት ወር ያህል አመነቱ፤ ጠዋት ለመሄድ ይቆርጣሉ፣ ማታ ስሜታቸው ይመልሳቸዋል። በመጨረሻ ምላሳቸው ተያዘ፤ ማስተማርም፣ ምግብ መዋጥም አቃታቸው። ያኔ ወንበራቸውን ትተው ወደ ሻም ሄዱ። በ499 ሒጅራ ኒሻቡር ላይ ወደ ማስተማር የተመለሱት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ያን የመሰለ ዓሊም ስድስት ወር ከታገለ እኛስ? ከዋሂል ወጥተን ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ለሱብሒ የሚቀሰቅስ አባትና ከበርጫ የሚመልስ ጎረቤት ከኋላ ይቀራል። ስልኩ እስከ እኩለ ሌሊት ያቆየናል፤ ሱብሒ ያመልጠናል፤ ፈተና ይደርሳል። እንጸጸታለን፣ በነጋታው ያው እንሆናለን። ለምን? ከስድስቱ የያዝነው የመጨረሻውን፣ ወቀሳን ብቻ ስለሆነ ነው። ውል ሳይኖር የሚመጣ ወቀሳ ደግሞ ተስፋ መቁረጥን እንጂ ለውጥን አይወልድም።

ስለዚህ ከሱብሒ በኋላ አንድ ትንሽ ውል እንግባ፦ «ዛሬ ከዒሻእ በኋላ ስልክ አልነካም» ብንል በቂ ነው። ማታ ከመተኛታችን በፊት እንጠይቅ። ከጠበቅነው አልሐምዱሊላህ እንበል። ካፈረስነው ሁለት ረከዓ ሱና ወይም ጥቂት ሰደቃ ይሁንብንና ነገ ውሉን እናድስ። በሱረቱል ሐሽር አላህ (ሱ.ወ.) እያንዳንዷ ነፍስ ለነገ ያስቀደመችውን እንድትመለከት አዟል። የዛሬው ሒሳብ ለዚያ ቀን ልምምድ ነው።

አላህ ነፍሳችንን ከሚተሳሰቡት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።