ሞን ቫንቱን ነፋስ አልሰየመውም

በደቡብ ፈረንሳይ፣ በፕሮቫንስ ኮረብቶችና ጥንታዊ መንደሮች መካከል ብስክሌት ሊነዳ የመጣ እንግዳ ሁሉ ሳይሰማው የማይመለስ አንድ ተረት አለ። ብስክሌት አከራዩ ኮርቻውን በቁመትህ ልክ ከፍ ዝቅ እያደረገ ይነግርሃል። የእንግዳ ማረፊያዋ ባለቤት ቁርስ ስታቀርብ ትደግመዋለች። ካርታው ጀርባ ላይም ታትሞ ታገኘዋለህ። «ሞን ቫንቱ ማለት ነፋሻማው ተራራ ማለት ነው።» በፈረንሳይኛ ነፋስ «ቫን» ስለሚባል ጉዳዩ ያለቀለት ይመስላል። እኔ ግን ይህን በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ተራራው ነፋስ የለውም ብዬ አልከራከርም። ከ1,900 ሜትር በላይ ከፍታ ይዞ ብቻውን የቆመ ነው፤ ሚስትራል የሚሉት የሰሜን ነፋስ የሮን ወንዝን ሸለቆ ተከትሎ ሲወርድ አይምረውም። እ.ኤ.አ. በ2016 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የቱር ደ ፍራንስ 12ኛ ቀን ውድድር ጫፉ ላይ እንዲያልቅ ታቅዶ ነበር። ነፋሱ ስላስፈራ መጨረሻው 6 ኪሎ ሜትር ወደ ታች፣ ሻሌ ሬናር ወደሚባለው ቦታ ወረደ። ሕዝቡ ባጠረው መንገድ ላይ ተጨናነቀ፣ ሞተር ብስክሌት መንገድ አጥቶ ቆመ፣ ተወዳዳሪዎች ተላተሙበት፤ ቢጫውን ማሊያ የለበሰው የውድድሩ መሪ ክሪስ ፍሩም ብስክሌቱ ተሰብሮ ዳገቱን በእግሩ ሲሮጥ ዓለም በቴሌቪዥን አየው። ነፋሱ እንግዲህ አለ። ነገር ግን ነፋስ የሚመታው ተራራ ሁሉ ስሙን ከነፋስ ወሰደ ካልን የትኛው ተራራ ሊተርፍ ነው?

እኔን ወደ ሌላው መንገድ የመሩኝ አንድ የማሎሴን ሽማግሌ ናቸው። ማሎሴን በተራራው ሰሜን ምዕራብ እግር ሥር ያለች ከተማ ናት፤ ዋና ጎዳናዋን ትላልቅ የፕላታን ዛፎች ያጠሉታል። ከዛፎቹ ሥር ቡና እየጠጣን ስለ ዳገቱ ስጠይቃቸው፣ ዳገቱን ትተው ስለ ሴት አያታቸው ነገሩኝ። አያትየው ፈረንሳይኛ የሚናገሩት ለቀራጭና ለመምህር ብቻ ነበር፤ የቤት ቋንቋቸው ፕሮቫንሳል ነው። ደመና የተራራውን ጫፍ ሲሸፍነው «ቬንቱር ባርኔጣውን ደፋ!» ብለው ይጮሃሉ፤ ያኔ ልጆቹ ሮጠው ልብሱን ከገመድ ላይ ይሰበስባሉ። ሽማግሌው ይህን ሲነግሩኝ የመጨረሻዋን «ር» በምላሳቸው ጫፍ አንከባለሏት። «ቫንቱ የወረቀት ስም ነው ልጄ፤ እኛ ቬንቱር ነው የምንለው» አሉኝ።

ክርክሩ ያለው እዚያች «ር» ላይ ነው። በፕሮቫንሳል ነፋሻማ ማለት «ቬንቱስ» ነው፤ ተራራው ግን «ቬንቱር»። ስሙ ከነፋስ የመጣ ቢሆን ኖሮ ገበሬው «ቬንቱስ» ይለው ነበር እንጂ ምንም ትርጉም የማትሰጠውን «ር» ከየት አምጥቶ ይጨምራል? ሰው የማያውቀውን ቃል ወደሚያውቀው ያስጠጋል እንጂ የሚያውቀውን ወደማያውቀው አያርቅም።

የነፋሱን ተረት ካስፋፉት መካከል ስመ ጥሩው ጣሊያናዊው ባለቅኔ ፔትራርክ ነው። ከማሎሴን ተነሥቶ ከወንድሙ ከጌራርዶ ጋር ተራራውን እንደ ወጣ የተረከበት የላቲን ደብዳቤ ኤፕሪል 26 ቀን 1336 የሚል ቀን አለው። ብዙ ሊቃውንት ግን ደብዳቤው አሁን ያለውን መልክ የያዘው በ1350ዎቹ፣ የተጻፈለት መነኩሴ ከሞተ በኋላ ነው ይላሉ። እዚያ ላይ ተራራውን በላቲን «ቬንቶሱስ» ብሎ ይጠራዋል፤ ነፋሻማው ማለት ነው፤ ስሙም ያለ ምክንያት እንዳልተሰጠው ያክልበታል። በላቲን የሚጽፍ ሰው «ቬንቱር» የሚል ባዕድ ድምፅ ሲያጋጥመው የሚያውቀውን ቃል ልብስ ማልበሱ አይገርምም። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። በዚያው ደብዳቤ ውስጥ በተራራው ጎን ያገኙት አንድ ያረጀ እረኛ አለ፤ ከ50 ዓመት በፊት በወጣትነቱ ወጥቶ ልብሱና ገላው ተቦጫጭቆ እንደ ተመለሰ ይነግራቸዋል፤ አትሂዱ ብሎም ይለምናቸዋል። ፔትራርክ የእረኛውን ምክር ጻፈልን፤ እረኛው ተራራውን ማን ብሎ እንደ ጠራው ግን አልጻፈልንም። ስለ ራሱ ነፍስ ከጻፈው ገጽ ላይ አንድ መስመር ቀንሶ ያንን ቢነግረን ምን ነበረበት!

ፔትራርክ የነፈገንን ድንጋይ ሰጥቶናል። ከቬዞን-ላ-ሮሜን ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ፣ ሚራቤል-ኦ-ባሮኒ በምትባል የወይራ አገር፣ ለ«ቪንቱር» የቀረበ የስለት ጽሑፍ ተገኝቷል። ቪንቱር አምላክ ነው፤ ከሮማውያን በፊት የነበሩት ጎሎች ያመልኩት የነበረ፣ ሮማውያን ከመጡም በኋላ ስለት የሚገባለት። አንዳንድ የቋንቋ ሊቃውንት ስሙን ከፍታን ከሚያመለክት ጥንታዊ ሥር ጋር ያገናኙታል። በብስክሌት ወደ ሚራቤል የሄደ ሰው ነገሩን ያለ መጽሐፍ ይረዳዋል፤ ከወይራው ማሳ ቀና ሲል አድማሱን የያዘው ያ ተራራ ነው። እዚያ የሚኖር ሰው ስለቱን ለማን ሊሳል ኖሯል?

ተራራ በአምላክ ስም መጠራቱ የሚያጠራጥረው ሰው ከማሎሴን ወደ ቫንቱ በሚወስደው መንገድ ብዙም ሳይርቅ ቆም ይበል። ከግራጫ ገደል ሥር ቀዝቃዛ ውኃ ይፈልቃል፤ ጠርሙሱን የማይሞላ ብስክሌተኛ የለም፣ ከዚያ በኋላ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት ይጠብቀዋልና። ምንጩ ግሮዞ ይባላል። በአካባቢው የተገኘ፣ በጎሎች ቋንቋ ሆኖ በግሪክ ፊደል የተቀረጸ ድንጋይ «ግራሴሎስ» ለሚባል አምላክ ስጦታ እንደ ቀረበ ይናገራል። ግራሴሎስ ግሮዞ ሆነ። የአካባቢው ዋና ከተማ ቬዞንም ጥንት ቫሲዮ ትባል ነበር፤ ቫሲዮ የሚባል አምላክም ነበራት። ራቅ ያለችው የኒም ከተማ የምንጯን አምላክ የኔማውሱስን ስም ይዛ ቀርታለች። ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን፤ በዚህ አገር ያወጡት አማልክቱ ራሳቸው ናቸው። ምንጩም ከተማውም የአምላክ ስም ሲይዝ፣ ከሁሉ የሚገዝፈው ተራራ ብቻ በአየር ጠባዩ ይጠራ የሚሉኝ ለምንድን ነው?

ሌላም ግምት አለ፤ «በጎሎች ቋንቋ በረዷማ ጫፍ ማለት ነው» የሚል። የቱሪስት ወረቀት ወዳጅ ነው። በበጋ ከሩቅ የሚያነጣው በረዶ ሳይሆን የኖራ ድንጋይ ኮረት መሆኑን ወጥቶ ያየ ሁሉ ያውቃል፤ ከዚህ በላይ ቀለም አላባክንበትም።

ይልቅስ ወደ ደቡብ ወርደን ኤክስ-አን-ፕሮቫንስ አጠገብ ያለውን ተራራ እንይ፤ ሠዓሊው ሴዛን ደጋግሞ የሣለውን ሳንት ቪክቷርን። ስሙ ቅድስት ድል ማለት ነው። ለዚህም ተረት ተገኝቶለታል፤ የሮማው የጦር መሪ ማሪዩስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ102 በዚያ አካባቢ ጠላቶቹን ድል ስላደረገ ነው ይባላል። ጦርነቱ እውነት ነው። የፕሮቫንሳል ተናጋሪዎች ግን ተራራውን «ቬንቱሪ» ይሉታል፤ ድል የሚል ነገር የለበትም። ያው የቪንቱር ስም ነው፤ አንዱ ላይ ነፋስ ተለጠፈበት፣ ሌላው ላይ ቅድስት ሴትና የጦር ድል። ስሙ ከመቼ ጀምሮ እየተለወጠ እንደ መጣ ከዘመን ዘመን የሚያሳይ ሙሉ መዝገብ አላውቅም፤ በድንጋዩና በፔትራርክ መካከል ከሺህ ዓመት በላይ የገበሬ አፍ አለ።

በቫንቱ ላይ ለነፋስ የምተውለት አንድ ስም አለ። ከቤዷን መንደር በኩል የወጣ ሰው የእንግሊዛዊውን ብስክሌተኛ የቶም ሲምፕሰንን መታሰቢያ አልፎ፣ ጫፉ ሊደረስ ጥቂት ሲቀር አንድ በር ያገኛል፤ ኮል ደ ታምፔት፣ የአውሎ ነፋስ በር። እዚያ ሲደርስ ነፋሱ ከብስክሌቱ ሊያወርደው ይታገለዋል። ያንን ስም ነፋስ አወጣው ለሚለኝ ሰው ክርክር የለኝም።