የሚበሰብሱ ፕላስቲኮች፦ ጭማሪ ንጥረ ነገሮችና የጥንካሬ ፍተሻ

በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ በተለምዶ ፌስታል በምንለው የፕላስቲክ ከረጢት ላይ ክልከላ ጥሏል። ይህ መረጃ የተዘጋጀው “ይበሰብሳል” የሚል ጽሑፍ ያለበትን ጥሬ ዕቃ ወይም ምርት ለማስመጣትም ሆነ ለማምረት ለሚያስቡ ዜጎች ነው።

ከእነዚህ ፕላስቲኮች በስፋት የሚታወቀው ፖሊላክቲክ አሲድ፣ በምኅጻሩ ፒኤልኤ፣ ሲሆን ከበቆሎ ስታርች ወይም ከሸንኮራ አገዳ ስኳር ከሚገኝ ላክቲክ አሲድ ይሠራል። ጠንካራ ቢሆንም ተሰባሪ ነው፤ ንጹሕ ፒኤልኤ ሲሳብ አብዛኛውን ጊዜ ከርዝመቱ 10 በመቶ እንኳ ሳይለጠጥ ይበጠሳል። 60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስም ይለሰልሳል።

ጭማሪ ንጥረ ነገሮች የሚያስፈልጉት በዚህ ምክንያት ነው። የሲትሪክ አሲድ ኤስተሮችና ፖሊኢትሊን ግላይኮል ቁሱን ያለሰልሳሉ። ፒቢኤቲ የተባለው ሌላ በስባሽ ፕላስቲክ ሲደባለቅበት የመለጠጥ አቅሙ ይጨምራል። ስታርችና የኖራ ድንጋይ ዱቄት ዋጋን ይቀንሳሉ፤ ሲበዙ ግን ምርቱን ያሰባብራሉ። ማለስለሻዎቹም ያለ ኪሣራ አይገኙም፤ ጥንካሬንና ሙቀት የመቋቋም አቅምን ይቀንሳሉ፣ አንዳንዶቹም ከጊዜ በኋላ ወደ ገጽ እየወጡ ይጠፋሉ። ከፋብሪካ ሲወጣ ልስልስ የነበረ ከረጢት መጋዘን ውስጥ ከርሞ ሊሰባበር የሚችለውም ስለዚህ ነው። ናሙናው በምርት ቀን ብቻ ሳይሆን ከቆይታ በኋላም ይፈተሽ የምንለው ለዚሁ ነው።

በአይኤስኦ 527 ደረጃ መሠረት ናሙናው በሁለት መቆንጠጫዎች ተይዞ በቋሚ ፍጥነት እስኪበጠስ ይሳባል። ክፍሉ ብዙ ጊዜ በ23 ዲግሪ ሴልሺየስና በ50 በመቶ እርጥበት ይጠበቃል፤ ለእያንዳንዱ አቅጣጫ ቢያንስ 5 ናሙናዎች ያስፈልጋሉ። አራት የማለስለሻ መጠኖችን በፊልሙ ቁመትና ወርድ አቅጣጫ ለማነጻጸር ብቻ 40 ናሙናዎች መሳብ አለባቸው ማለት ነው። አውቶማቲክ መሣሪያ ናሙናውን ከመደርደሪያ አንሥቶ ውፍረቱንና ስፋቱን ይለካል፣ መቆንጠጫው ውስጥ ያስገባል፣ ይስባል፣ ውጤቱን ይመዘግባል፣ ቁርጥራጩንም ያስወግዳል። በእጅ ሲሠራ የሚፈጠረውን የአቀማመጥ ልዩነት ይቀንሳል። በደነዘ ምላጭ የተቆረጠን ናሙና ግን ማሽን አያስተካክለውም፤ ከተሸራረፈው ጠርዝ ቀድሞ ይበጠሳል፣ ውጤቱም የቁሱ ሳይሆን የምላጩ ይሆናል።

የጥንካሬ ፍተሻ ምርቱ መበስበሱን አያረጋግጥም። ኢኤን 13432 የተባለው የአውሮፓ ደረጃ ቁሱ በኢንዱስትሪ ኮምፖስት ሁኔታ በ6 ወራት ውስጥ ቢያንስ 90 በመቶ በሥነ ሕይወታዊ ሂደት እንዲበሰብስ ይጠይቃል። ይህ 58 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይፈልጋል። ችግኝ ማፍያ ጣቢያ ውስጥ አፈር ላይ የተጣለ ፒኤልኤ በዚያ ፍጥነት አይጠፋም። “ኦክሶ” የሚባሉት ጭማሪዎች ደግሞ ተራ ፕላስቲክን ወደ ጥቃቅን ቁርጥራጭ የሚሰባብሩ ናቸው፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያሉ ምርቶች ለገበያ እንዳይቀርቡ ከልክሏል።

ስለዚህ ከአቅራቢ ጋር ውል ከመፈጸምዎ በፊት የጭማሪዎቹን ዓይነትና መጠን፣ የሁለቱንም አቅጣጫ የጥንካሬ ውጤት ከፍተሻው ቀን ጋር፣ እንዲሁም የመበስበስ ፍተሻው በየትኛው ደረጃና በምን ሙቀት እንደተካሄደ የሚገልጽ ሰነድ በጽሑፍ ይጠይቁ።