ጭብጨባ የተቀረጸበት ሸክላ



የአንድ ከተማ ታሪክ በመዝገብ ቤት ፋይል ብቻ ተጠብቆ አይኖርም። መዝገብ ጸሐፊው ያላሰበውን ነገር አንዳንድ ጊዜ ሸክላ ይዞት ይገኛል። ዛሬ የምናወሳው እንዲህ ያለውን አንድ ሸክላ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጁን 5 ቀን 1963 በአሜሪካ፣ በኒው ጀርሲ ግዛት በኒውአርክ ከተማ፣ ፍሮንት ሩም በተባለ ክበብ ውስጥ የኦርጋን ተጫዋቹ ጃክ ማክደፍ ከጓደኞቹ ጋራ ያሰማው ሙዚቃ በአድማጭ ፊት ተቀረጸ። ሬድ ሆሎዌይ ሳክስፎን ይነፋል፤ ጆ ዱክስ ከበሮ ይመታል፤ ጊታሩን የያዘውም በኋላ በዓለም የታወቀው ጆርጅ ቤንሰን ሲሆን፣ ዕድሜው ያን ጊዜ ገና 20 ዓመት ነበር።

መሣሪያው ራሱ ታሪክ አለው። ሎረንስ ሃሞንድ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ይህን የኤሌክትሪክ ኦርጋን በ1934 በፈጠራ መብት አስመዘገበው፤ የቧንቧ ኦርጋን ለመግዛት አቅም ያልነበራቸው አብያተ ክርስቲያናትም ገዙት። ድምፁ የሚወለደው በሞተር ኃይል ከሚሽከረከሩ ጥርሳም መንኰራኵሮች ነው፤ ቢ-3 በተባለው ዐይነት ቁጥራቸው 91 ይደርሳል። ተጫዋቹ በእጆቹ ዜማውን እየመታ፣ በእግሩ መርገጫውን እየረገጠ ወፍራሙን ድምፅ ይሰጣል። ስለዚህ ባስ የሚመታ ሰው ሳይቀጠር፣ ሦስት ወይም አራት ሰዎች እንደ ትልቅ የሙዚቃ ጓድ ሆነው ይሰማሉ፤ ይህም ገቢው ለተወሰነ ክበብ እጅግ ተስማሚ ሆነ። ጂሚ ስሚዝ ከ1956 ጀምሮ ባወጣቸው ሸክላዎች መንገዱን ስለ ጠረገ፣ ሌሎች ተከተሉት፤ ሙዚቃውም ሶል ጃዝ ተባለ።

እንዲህ ያለው ሸክላ የተወደደበት ምክንያት ምንድን ነው? በስቱዲዮ ውስጥ ስሕተት ቢገኝ እንደገና ይቀረጻል፤ በክበብ ግን ተጫዋቹ የሚያየው የሰውን ፊት ነው። ተጫዋቹ አንዲቱን ሐረግ ሲደጋግም አድማጩ በጭብጨባና በእልልታ ይመልስለታል። ይህም ሰባኪው ሲናገር ምእመናኑ እየተቀበሉ የሚመልሱበትን የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን ልማድ ያስታውሳል።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በጁላይ 1967፣ ፖሊሶች አንድ ጥቁር የታክሲ ነጂ በመደብደባቸው በኒውአርክ ሁከት ተነሥቶ 26 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ወዲህ የከተማይቱ ስም ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ቃጠሎውንና ሙታኑን ሆነ። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሙሉው እውነት አይደለም። በዚያች ከተማ ተሰብስቦ የሚደሰት፣ ጥሩውን ሙዚቃ ከመጥፎው የሚለይ ሕዝብ ነበረ። ለዚህም ሸክላው ምስክር ነው።

ማክደፍ በ2001 ዐረፈ፤ የቢ-3 ሥራም በ1970ዎቹ አጋማሽ ቆመ። የዚያ ቀን ጭብጨባ ግን እስከ ዛሬ ይሰማል። እንግዲህ መዝገብ የምንጠብቅ ሁሉ ልናስበው የሚገባን ነገር አለ፤ የሕዝብ መከራ እንደሚጻፍ ሁሉ፣ ደስታውም ሊጻፍለት ይገባል።