ከሞት አፋፍ የተመለሰ ፒያኖ፦ እማሆይ ጽጌ ማርያም እና የእኛ አገር ቆሎ ተማሪዎች

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡናው እስኪፈላ የሚያልቅ አይደለም፣ እስከ በረካው ይዘልቃል። ታገሱኝ።

ባለፈው ክረምት ጋይንት ገብቼ ነበር። ጉና ጭጋጉን ለብሶ፣ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ሳያቋርጥ ሲወርድ፣ ከአጎቴ ጋር እሳት ዳር ተቀምጠን። አጎቴ ሰማንያን ከተሻገሩ ቆይተዋል። ስልኬ ላይ ሙዚቃ ከፍቼ ሳለ ደረሱብኝና «ምንድን ነው እሱ?» አሉኝ። «ፒያኖ ነው አያ፣ አንዲት መነኩሲት ናቸው የሚጫወቱት» አልኳቸው። «መነኩሲት?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ዝም ብለው አዳመጡ። ሲያልቅ ያሉኝን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

መነኩሲቷ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። ዛሬ ስማቸውን የማያውቅ ጥቂት ነው። እንግሊዛዊቷ የፊልም ባለሙያ ሬቤካ ሆል በ2021 ባወጣችው «ፓሲንግ» ፊልም ውስጥ ሳይቀር የእርሳቸው ጣቶች ይሰማሉ። ቢቢሲም በ2017 ስለ እርሳቸው የሬዲዮ ዝግጅት ሠርቶ «ሆንኪ ቶንክ መነኩሲት» ብሏቸዋል። ሆንኪ ቶንክ ማለት የአሜሪካ መጠጥ ቤት ፒያኖ ነው እንግዲህ። ይህ ቅጽል እስካሁን አልዋጥልህ ብሎኛል። አንድ ጊዜ እንኳ ቅዱስ ያሬድን የሰማ ሰው እንዲህ አይልም። ግን ለፈረንጅ ጆሮ ያው የሚያውቀው ነው የሚመጣለት፤ አልፈርድም።

የእርሳቸው ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ይዘለላል። አንዱ ወደ ሙዚቃ የመለሳቸው መንገድ በሆስፒታል አልጋ በኩል ማለፉ ነው። ሁለተኛው የእኛን አገር የሚመለከት ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ፤ የዓለም ስማቸው የውብዳር ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። ከንቲባነቱ መጀመሪያ የጎንደር፣ በኋላም የአዲስ አበባ ነው። ስለዚህ ጎንደር ለልጅቱ ባዕድ አገር አልነበረም ማለት ይቻላል። በስድስት ዓመታቸው ከእህታቸው ከስንዱ ገብሩ ጋር ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ። (አዎ፣ ያችው በኋላ ለፓርላማ የተመረጠችው የመጀመሪያዋ ሴት፣ ደራሲዋ ስንዱ።) ቫዮሊንና ፒያኖ የጀመሩት እዚያ ነው። ተመልሰው ብዙም ሳይቆዩ ጣሊያን ገባ። ቤተሰቡ ታስሮ ወደ አሲናራ ደሴት፣ ከዚያም ኔፕልስ አጠገብ ወዳለችው መርኮሊያኖ ተጋዘ። ከቤተሰባቸውም በጣሊያን የተገደሉ አሉ። ይህን ቶሎ የማልፈው ቀላል ስለሆነ አይደለም፤ ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ስለሚሆን ነው።

ከነጻነት በኋላ ካይሮ ሄዱ። አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከሚባል ፖላንዳዊ የቫዮሊን መምህር ዘንድ በቀን ዘጠኝ ሰዓት ይለማመዱ ነበር፤ አምስቱን ቫዮሊን፣ አራቱን ፒያኖ። ዘጠኝ ሰዓት! የካይሮ ሙቀት ግን ጤናቸውን አቃወሰው። ቀዝቀዝ ወዳለ አገር መመለስ ግድ ሆነና አዲስ አበባ ገቡ። መምህሩም አብረው መጥተው የክብር ዘበኛን የሙዚቃ ክፍል መሩ። እንግዲህ ሕመም መንገዳቸውን ሲያዞረው ይህ የመጀመሪያው ነው።

ሁለተኛው ከባድ ነበር። ለንደን ሮያል አካዳሚ ገብተው ሙዚቃ የሚማሩበት ዕድል ተገኘ። ሁሉ ነገር አልቆ ሳለ ፈቃድ ተከለከሉ። ለምን እንደሆነ የነገራቸው የለም። ወጣቷ የውብዳር ምግብ ተወች። ቡና ብቻ እየጠጣች አሥራ ሁለት ቀን። ሆስፒታል ገባች፣ ሰውነቷ አለቀ፣ ቤተሰብ ተስፋ ቆረጠ። በመጨረሻ ቅዱስ ቁርባን እንዲሰጧት ጠየቀች። ተሰጣት። ከዚያ አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተኛች። ስትነቃ ልቧ ጸጥ ብሏል፤ ሙዚቃ የሚባለው ጥማትም እንደ ትኩሳት ለቋታል።

ይህን ታሪክ ስሰማ ሁልጊዜ የምቆመው እዚህ ጋ ነው። ብዙ ሰው «ሕመሙ አበረታቸው፣ ሙዚቀኛ አደረጋቸው» ብሎ ያወራል። አይደለም እኮ! ሕመሙ መጀመሪያ ሙዚቃን ነው የወሰደባቸው። ከአልጋው የተነሡት ፒያኖ ለመክፈት ሳይሆን ለመዝጋት ነው። ግሸን ማርያም ወጡ፣ መነኮሱ፣ ጽጌ ማርያም ተባሉ። ጫማቸውን አውልቀው አሥር ዓመት በባዶ እግር ኖሩ። ጫማ የለም፣ ሙዚቃ የለም፣ ጸሎት ብቻ፤ ራሳቸው እንደዚህ ነበር የሚተርኩት። ግሸንን የወጣ ሰው ያንን ድንጋይና ያንን ብርድ ያውቀዋል። እግራቸው ቆሰለ፣ ጤናቸው ደከመ፣ ወደ እናታቸው ቤት ተመለሱ። ፒያኖው እዚያው ነበር። ቀስ እያሉ እንደገና ነኩት።

አሁን ወደ እኛ አገር ልምጣ።

በፈረንጆቹ 1960ዎቹ እማሆይ ጎንደር ተቀመጡ፤ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሊያጠኑ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በር ላይ፣ ቅጥር ሥር፣ ልጆች ተኝተው ያያሉ። እነማን ናቸው ብለው ቢጠይቁ ቆሎ ተማሪዎች ናቸው አሏቸው። ቀን ይማራሉ፣ ማታ ይለምናሉ፣ ሌሊት ደጅ ያድራሉ። እማሆይ ልባቸው ተነካ። የሚሰጡት ገንዘብ ግን የላቸውም። «ያለኝ ሙዚቃ ነው» አሉ፤ ሙዚቃውን ሸጬ እረዳቸዋለሁ ብለው ተነሡ። የመጀመሪያው ሸክላቸው በ1967 ጀርመን አገር የታተመው በዚህ ምክንያት ነው፤ ንጉሡም ረድተዋቸዋል። የዚያ ሸክላ ገንዘብ ለድሆች የታሰበ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያወጧቸውም ለወላጅ አልባ ልጆች እያለ ቀጠለ። አሳታሚ ቤት ፈርሞ ያስቀረጻቸው አይደሉም። ባንድ የላቸው፣ ማናጀር የላቸው፤ ራሳቸው ጽፈው፣ ራሳቸው ተጫውተው፣ ለማን እንደሚሆን ራሳቸው የወሰኑት ነው።

እነዚያ ልጆች ከየት መጡ? የአብነት ትምህርትን መንገድ የሚያውቅ ወዲያው ይገባዋል። ጎንደር በኣታ የአቋቋም ማስመስከሪያ ናት። ወደ አቋቋም ከመምጣቱ በፊት ግን ልጁ ድጓ መማር አለበት፤ የድጓ ማስመስከሪያው ደግሞ ጋይንት ቤተልሔም ነው። ዝማሬ መዋሥዕት ካለ ዙር አምባ። ከስማዳ፣ ከእስቴ፣ ከጋይንት፣ ከወሎ፣ ከጎጃም ልጁ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ቤተልሔም ይገባል። ዓመታት ይቀመጣል። ከዚያ በጉና ሥር አልፎ፣ ደብረ ታቦር አድርጎ፣ ጎንደር ይደርሳል። ያኔ ከወረታ ወልድያ የሚወስደው ቻይኖች የሠሩት መንገድ እንኳ ገና የለም። በእግር ነው።

(ቤተልሔምን ያላያችሁ ሰዎች አንድ ቀን ሂዱ። ከውጭ ስታዩት እንደ ማንኛውም ክብ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ነው። ውስጡ ግን ባለ አራት ማዕዘን የጥንት የድንጋይ ሕንፃ አለ፤ ክቡ ጣሪያ ሸፍኖት ነው የሚኖረው። ቶማስ ፓክንሃም የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ በ1950ዎቹ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ አይቶት ደንግጦ ጽፎለታል። እኛማ ስንሳለመው ነው የኖርነው።)

ድጓ መማር ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ትንሽ ልበል። የዓመቱን ዜማ ሁሉ በቃል መያዝ ነው፤ በግዕዝ፣ በዕዝል፣ በአራራይ። ከቃሉ በላይ ደቃቅ ምልክቶች አሉ፦ ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ርክርክ። እነዚህን ምልክቶች የሠሩት በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው ይባላል። ተማሪው ደግሞ የራሱን ድጓ ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ በእጁ መጻፍ ይጠበቅበታል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው በልመና ቁራሽ እየኖረ ነው። «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ።

አጎቴ ከእነዚህ አንዱ ነበሩ። ከስማዳ በልጅነታቸው ወጥተው ቤተልሔም ድጓ ተምረዋል። ድምፃቸው ያምር ነበር ይላሉ የሚያውቋቸው ሁሉ። የድጓቸውን ብራና ግማሽ ድረስ ጽፈው፣ ቀሪውን ጎንደር ሆኜ እጨርሰዋለሁ ብለው ለአቋቋም ጎንደር ወረዱ። በ1951 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከጓደኞቻቸው ጋር ለልመና ደንቢያ ሄዱ። ያ ጊዜ ደግሞ የወባው ዘመን ነው። ታሪክ ያነበበ ያውቀዋል፤ በ1950 ክረምትና በ1951 መግቢያ ወባ ወደ ደጋው ወጥታ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ፣ አንድ መቶ ሃምሳ ሺህ ያህል እንደሞተ ይገመታል። ንዳዱ እርሳቸውንም ያዛቸው። አብረዋቸው ከነበሩት ሁለት ልጆች አልተመለሱም። አጎቴን ዘመድ በቃሬዛ አድርጎ አገር ቤት አመጣቸው። ዳኑ። ግን እናታቸው «ሁለተኛ አትሄድም» ብለው በሬ አስጠመዷቸው።

እማሆይ ጎንደር ሲገቡ አጎቴ ከሄዱ በኋላ ነው። አልተገናኙም። እንዲያ ብዬ ላሳምረው እችል ነበር፤ ግን አልሆነም። እርሳቸው የተኙበት ቅጥር ሥር በኋላ የተኙትን ነው እማሆይ ያዩት።

እና ምን ልበላችሁ፣ የሁለቱን ሕመም አጠገብ ለአጠገብ ሳስቀምጠው ይከብደኛል። እማሆይን ሕመሙ ከሙዚቃ ወስዶ፣ ዞር ዞር አድርጎ፣ በልጆቹ በኩል መልሶ አገናኛቸው። የከንቲባ ልጅ ናቸው፤ ሲመለሱ ፒያኖ ያለበት ቤት ቆይቷቸዋል። አጎቴን የጠበቃቸው ሞፈር ነው። ይህን የምለው የእማሆይን ለማሳነስ አይደለም። የከንቲባ ልጅ ሆኖ ቆሎ ተማሪን ረግጦ ያለፈው ይበዛል፤ እርሳቸው ናቸው የቆሙት።

አንድ ነገር ልጨምር። እማሆይ ፒያኖ ብቻ አይደሉም፤ ዘፋኝም ናቸው። ብዙዎቻችን የሰማነው በቅርቡ ነው። በደርግ ጊዜ፣ በፈረንጆቹ ከ1977 እስከ 1985 ባለው፣ ቤታቸው ሆነው በካሴት የቀዷቸው የአማርኛ ዜማዎች አሉ፤ ግጥሙም ዜማውም የራሳቸው። ስለ ደመና፣ ስለ አገር፣ ስለ ናፍቆት። ድምፃቸው የሠለጠነ ድምፅ አይደለም፣ ቀጭን ነው፣ ከፒያኖው ኋላ ይቆማል። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጥብኝ እሱ ነው፤ ሰው ቤት ውስጥ ብቻውን ሲያንጎራጉር በበር ቀዳዳ የምትሰማው ያህል ቅርብ ነው። «ሱቬኒርስ» ተብሎ የታተመው በ2024 ነው፤ ካረፉ በዓመቱ። ኢየሩሳሌም ደብረ ገነት ገዳም ለአሥርተ ዓመታት ኖረው፣ መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ነው ያረፉት። በላስቲክ ከረጢት ያኖሯቸው የኖታ ወረቀቶችም ተሰብስበው መጽሐፍ የሆኑት ዘጠና ሊሞላቸው ሲል፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። በዓለም የታወቁት ደግሞ በ2006 በወጣው የ«ኢትዮፒክስ» ቁጥር 21 ነው። ሁሉም ነገር ዘግይቶ የመጣላቸው ሴት ናቸው።

ወደ እሳቱ ዳር ልመለስ። አጎቴ አዳምጠው ሲጨርሱ መጀመሪያ የጠየቁኝ «የት ተማሩት?» ነው። ስዊዘርላንድና ካይሮ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጎንደርም ተቀምጠዋል፣ ዜማ አጥንተዋል» ስላቸው ቀና አሉ። «እንዲያ በለኝ! ይኸው ርክርክ አለው እኮ። አሁን ጣታቸው ያንቀጠቀጠው። ስማው።» መልሼ ከፈትኩላቸው። በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ምልክቱን እየጻፉ፣ ድፋቱ ጋ ዝቅ፣ ቅናቱ ጋ ቀና እያደረጉ ተከተሉት።

ስለ ሸክላው ነገርኳቸው፤ ለቆሎ ተማሪ ብለው ነው ያሳተሙት አልኩ። ለረጅም ጊዜ ምንም አላሉም። በኋላ ተነሡና ከጎታው ኋላ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አምጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። ድጓው ነው። ግማሹ ድረስ ተጽፎ የቀረው። ቀይ ቀለሙ አሁንም ቀይ ነው። የመጨረሻው ገጽ ላይ ቃሉ አለ፣ በላዩ ምልክቱ ግን ገና አልተደረገም።

«ስልክህ ፎቶ ያነሣ የለ?» አሉኝ። «አንሣው እንግዲህ፣ አይጥ ሳይበላው።»

አንሥቻለሁ፤ መቶ አሥር ገጽ። የእናንተም አባት ወይም አያት በዚያ ዘመን ጎንደር ቆሎ ተማሪ ከነበሩ ጠይቋቸውና ጻፉልኝ። በተለይ ደጅ ያደሩ ልጆችን ቆማ ያነጋገረች፣ ፈረንጅኛ የምትችል መነኩሲት የሚያስታውሱ ካሉ።

ብራናውን እዚህ አልለጥፈውም፤ አጎቴን ገና አላስፈቀድኩም።