ከሲናና እስከ ዐረብ ምድር፦ ያለ ቋንቋ የሄደ ጉልበት ታሪክ

የሰው ልጅ ለሥራ ከቀዬው በወጣ ቁጥር እጁንና አንደበቱን ይዞ ይወጣል። እጁ በደረሰበት አገር ሁሉ ያው እጅ ነው፤ ያርሳል፣ ያጥባል፣ ይሸከማል፣ ሕፃን ያቅፋል። አንደበቱ ግን ድንበር በተሻገረ ማግሥት ዋጋውን ያጣል። በመንደሩ ተረት አዋቂ፣ ነገር ዐዋቂ፣ አስታራቂ የነበረው ሰው በባዕድ አገር በእጁ ምልክት የሚናገር፣ በዓይኑ የሚለምን ፍጡር ይሆናል። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው የአበው ብሂል የተነገረው በገዛ ቋንቋው አፍ አውጥቶ ለመጠየቅ ለፈራ ሰው ነው። መጠየቂያው ቋንቋ ጨርሶ ለሌለው ሰው የሚቀርበት ምን ያህል እንደሆነ ብሂሉ አልነገረንም።

የአገሩን ቋንቋ ሳያውቁ በባዕድ ምድር ሥራ ማግኘት ይቻላልን? ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ያለ ማመንታት «ይቻላል» ይላል። የሚያከራክረው ሌላው ጥያቄ ነው፤ የቋንቋውን ሸክም የሚሸከመው ማን ነው? ሠራተኛው ወይስ አሠሪው? የአንድ ስደተኛ ሠራተኛ ክብርና ውርደት ከዚህ ጥያቄ መልስ ጋር የተሳሰረ መሆኑን የራሳችን አገር ታሪክ በሁለቱም ወገን ያሳያል።

አገር ለእንግዳው ሲተረጉም

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ወደ ውጭ አገር ለጉብኝት በተጓዙ ጊዜ ኢየሩሳሌም ላይ አንድ የወጣቶች የሙዚቃ ጓድ አዩ። ወጣቶቹ በኦቶማን ቱርክ ግዛት በአርመን ሕዝብ ላይ ከደረሰው እልቂት የተረፉ፣ በአርመን ገዳም ጥላ ሥር የሚያድጉ ወላጅ አልባ ልጆች ነበሩ። አልጋ ወራሹ ከገዳሙ አባቶች ጋር ተስማምተው አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። በኢትዮጵያ የሙዚቃ ታሪክ «አርባ ልጆች» እየተባሉ የሚጠሩት እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ።

እነዚህ ወጣቶች አማርኛ የሚናገሩ ሆነው አልመጡም። ነገር ግን የያዙት መሣሪያ ተናገረላቸው፤ ኖታ አስተርጓሚ አይፈልግምና። ኬቮርክ የደረሱት ዜማ፣ ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን ጽፈውለት፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ እስከ አብዮቱ ዘመን ተዘመረ። የአንድን አገር መዝሙር ዜማ የሠራው የአገሩን ቋንቋ ሳይዝ የመጣ ሰው መሆኑ የሚያስደንቅ ነው። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም ከእርሳቸው በኋላ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ኦርኬስትራና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ለዘመናዊው ሙዚቃችን ዕድገት ብዙ ደክመዋል።

ሁለተኛው ምሳሌ የሚገኘው በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በተስፋፋው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ብዙ ሕንዳውያን መምህራን ተቀጥረው በየክፍሉ ቆሙ፤ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ ሰላም ጓድ ወጣቶች ተጨመሩ። ሒሳብና ፊዚክስ ለማስተማር ከሕንድ የመጣው መምህር አማርኛም ሆነ ኦሮምኛ ሳያውቅ ሥራውን አከናወነ። ይህ የሆነው ቋንቋ ስላላስፈለገ አልነበረም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቋንቋ እንግሊዝኛ በመሆኑ ነው። በቤቱ ኦሮምኛ የሚናገር የባሌ ልጅ አንደኛ ደረጃን በአማርኛ፣ ከዚያ በላይ ያለውን በእንግሊዝኛ ይማር ነበር። ሁለት ጊዜ ቋንቋ የለወጠው ተማሪው ነበር። መምህሩ በያዘው ቋንቋ ጸና።

በሁለቱም ታሪኮች ውስጥ ያለው ቁም ነገር አንድ ነው። እንግዳውን የጠራው መንግሥት ነበር፤ ሙያው አስቀድሞ የታወቀ ነበር፤ የሚያስተረጉምለት አላጣም። አገሩ ወደ ሠራተኛው ቋንቋ ጎንበስ አለ። ስለዚህ አለማወቁ አላዋረደውም።

ከስንዴው ምድር

ይህ ሸክም ወደ ሠራተኛው ትከሻ ሲዞር ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ሲናና ምድር መመልከት ይበቃል። ሲናና የሮቤን ከተማ የከበበ፣ ከጎባ ጋር የሚዋሰን፣ ስንዴና ገብስ እንደ ባሕር የሚናወጥበት አምባ ነው። ገበሬው «ገና» በሚለው ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ባለው ወቅትና «ቦና» በሚለው ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ባለው ወቅት፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል። ለዚህ ለምነቱ ነው በ1978 ዓ.ም. የሲናና የእርሻ ምርምር ማዕከል በዚያ የተቋቋመው።

ታዲያ ከእንዲህ ያለ ምድር ሰው ስለምን ይሰደዳል? መልሱ በምድሩ ድህነት ውስጥ አይገኝም። የየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ መሬትን ከባለ ርስት ነጥቆ ለአራሹ ሰጠ፤ ነገር ግን ምድሪቱ እንደ ሕዝቡ አትበዛም። ለአባት የደረሰው መሬት ለልጆች ሲከፋፈል እያነሰ ሄደ። በሌላ በኩል ኮምባይነር የብዙ አጫጆችን የቀናት ሥራ በጥቂት ሰዓት ያጠናቅቃል። ማሽኑ ገበሬውን ከድካም ማዳኑ የሚመሰገን ነው። መሬት ለሌለው ወጣት ግን አንድ የሥራ በር ዘግቶበታል። ሴት ልጅ ስትሆን በሩ ይበልጥ ይጠባል። በዚህ ምክንያት ባሌ፣ ከአርሲ፣ ከጅማና ከወሎ ጋር፣ ወጣቶቻቸው ወደ ዐረብ አገሮች ከሚተምሙባቸው አካባቢዎች አንዱ ሆነ።

ሦስት ደጆች

ከሲናና ገጠር ተነሥታ ወደ ሪያድ ወይም ወደ ቤይሩት የምትሄድ ወጣት የቋንቋን ደጅ አንድ ጊዜ ብቻ የምታልፍ የሚመስለው ብዙ ነው። የምታልፈው ግን ሦስት ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው ደጅ ያለው በገዛ አገሯ ነው። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በኦሮሚያ የተማረ ልጅ ትምህርቱን የሚከታተለው በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ፊደል ነው። አማርኛን የሚያገኘው እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ነው። ይህች ወጣት ስለ ጉዞዋ የወጣውን አዋጅ ለማንበብ ብትፈልግ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የታተመው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው። እንግዲህ ለእርሷ መጠበቂያ ተብሎ የወጣው ሕግ ራሱ ለእርሷ የተዘጋ መጽሐፍ ነው። ቁልፉን የሚይዘው ደላላው ነው። እርሱ በቋንቋዋ ያናግራታል፤ የሚያናግራትም የሚጠቅመውን ያህል ብቻ ነው።

ሁለተኛው ደጅ ውሉ ነው። በሳውዲ አረቢያ ሕግ የሥራ ውል በዐረብኛ ይጻፋል፤ ከትርጉሙ ጋር ቢለያይ የሚጸናው ዐረብኛው ነው። ፈራሚዋ የፈረመችበት ቃል የሚዳኛት ቃል አይደለም ማለት ነው። በሕጋዊው መንገድ ያልሄዱትና በጅቡቲ ኦቦክ ወይም በሶማሊያ ቦሳሶ በኩል ባሕር ተሻግረው በየመን የሚያልፉት ደግሞ ውል የሚባል ነገር የላቸውም። የእነርሱ ውል የአሻጋሪው ቃል ነው።

ሦስተኛው ደጅ የአሠሪው ቤት ነው። እዚህ ላይ የባሌን ሰው ታሪክ ልዩ የሚያደርግ ነገር አለ። ባሌ ድሬ ሼኽ ሁሴንን የመሰለ ጥንታዊ የእስልምና መካነ ጸሎት ያለበት ምድር ነው። ዐረብኛ በዚያ እንግዳ ቋንቋ አይደለም፤ ከትውልድ ትውልድ የተቀራ፣ የተዜመ፣ የተጸለየበት ነው። በቁርኣን ቤት ሱራ የቀራች ልጅ የዐረብኛን ድምፅ ከልጅነቷ ጀምራ ታውቃለች። ይሁን እንጂ የመጽሐፉ ዐረብኛ ሌላ፣ የወጥ ቤቱ ዐረብኛ ሌላ ነው። የቀራችው ቋንቋ ከፈጣሪዋ ጋር ያገናኛታል እንጂ ስለ ደመወዟ አይከራከርላትም። ለጸሎት የቀረበ ቋንቋ ለአቤቱታ እንዲህ መራቁ ከስደት መራራ ነገሮች አንዱ ነው።

የትእዛዝ ሰዋስው

በዚያ ቤት የሚማሩት ቋንቋ ምን ዓይነት ነው? ፊዳ ቢዝሪ የተባሉ የቋንቋ ተመራማሪ በሊባኖስ የስሪላንካ ሴቶች ከአሠሪዎቻቸው ጋር የሚግባቡበትን ቅልቅል ዐረብኛ አጥንተው በ2010 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትመዋል። የመጽሐፉ ንዑስ ርእስ «የሎሌነት ሰዋስው» የሚል ትርጉም አለው። ስሙ እንዲሁ አልተሰጠውም። በዚህ ቋንቋ ውስጥ ግሶች በአመዛኙ የሚመጡት ለሴት ከሚነገር የትእዛዝ አንቀጽ ነው። «አምጪ» የሚለው ትእዛዝ «አመጣለሁ»ም፣ «አመጣሁ»ም፣ «አመጣች»ም ይሆናል። ሠራተኛዋ ከማዳሟ የምትሰማው ትእዛዝ ብቻ ስለሆነ ስለ ራሷ ስትናገርም በትእዛዝ ቃል ትናገራለች።

ከዐረብ ቤት በተመለሱ ኢትዮጵያውያት አንደበት የሚሰሙት «ጂቢ»፣ «ሩሂ»፣ «ሰዊ»፣ «ማፊ» የመሳሰሉት ቃላት ከዚሁ ምንጭ የተቀዱ ናቸው። አምጪ፣ ሂጂ፣ ሥሪ፣ የለም። አንድ ሰው በእነዚህ ቃላት ቤት ማጽዳት፣ ምግብ ማብሰል፣ ሕፃን ማሳደግ ይችላል። «ከሦስት ወር በፊት የተዋዋልነው እንዲህ አልነበረም» ብሎ መናገር ግን አይችልም፤ ትእዛዝ ትናንትና የለውም። ቃል ኪዳንን ማስታወስ የሚቻለው ያለፈ ጊዜን መናገር በሚችል ቋንቋ ነው። እንግዲህ ሥራ ለማግኘት የሚበቃው ቋንቋ መብት ለማስከበር አይበቃም የሚለው ሐቅ በሰዋስው ሳይቀር የተጻፈ ነው።

በዚህ ላይ «ከፋላ» የሚባለው ሥርዓት አለ። በዚህ ሥርዓት የሠራተኛው የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪው ጋር የታሰረ ነው። ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ የወደቀ፣ በር የተዘጋባት፣ አድራሻዋን በአገሩ ቋንቋ መናገር የማትችል ሴት ከቤቱ ብትወጣ «ጠፋች» ትባላለች። በተዘጋ በር ውስጥ አንደበት ማጣት ሁለተኛ ቁልፍ ነው።

ሕጉ በየትኛው ቋንቋ ይናገራል?

አገራችን ይህን ጉዳይ በሕግ ለመግራት ያደረገችው ሙከራ ረጅም ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 ከአገር የመውጣት ነፃነትን አረጋገጠ። በ1990 ዓ.ም. እና በ2001 ዓ.ም. የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኞችን የሚመለከቱ አዋጆች ወጡ። በ2006 ዓ.ም. መግቢያ ሳውዲ አረቢያ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ሠራተኞች ማስወጣት ስትጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ፤ መንግሥትም ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ መሄድን አገደ። እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. ቆየ። በመሐሉ በ2008 ዓ.ም. የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ታወጀ፤ በ2013 ዓ.ም. ተሻሻለ። አዋጁ የሙያ ብቃት ማረጋገጫን፣ ከጉዞ በፊት የሚሰጥ ገለጻን፣ በመንግሥት የሚጸድቅ ውልን አስገዳጅ አደረገ።

እነዚህ እርምጃዎች ተገቢ ናቸው። ሆኖም እጅን አሠልጥኖ አንደበትን መተው ሥራውን በግማሽ ማስቀረት ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበትን ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ በአንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው የችሎቱን ቋንቋ ካላወቀ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲያገኝ ይደነግጋል። ሕግ በመተላለፍ የተጠረጠረ ሰው ይህን ያህል ጥበቃ ሲገባው፣ ላቧን ለመሸጥ ባሕር የምትሻገረው ሴት በሚገባት ቋንቋ ውሏ ሊነበብላት እንዴት አይገባም?

ስደተኞቹ ግን ሌላው እስኪተረጉምላቸው ተቀምጠው አልጠበቁም። ቀድማ የሄደችው ለተከታይዋ አስተርጓሚ፣ መካሪ፣ ዋስ ትሆናለች። በቤይሩት የሚኖሩ ኢትዮጵያውያት የቤት ሠራተኞች በ2017 እ.ኤ.አ. «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለ ማኅበር መሠረቱ። የሊባኖስ ኢኮኖሚ በወደቀበት በ2020 እ.ኤ.አ. አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን አምጥተው በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ሲጥሉ ለተጣሉት ወገኖች ከደረሱት መካከል ይህ ማኅበር አንዱ ነበር። ትእዛዝ ብቻ ሲሰሙ የኖሩ ሴቶች ለዓለም መናገር መጀመራቸው በራሱ ትልቅ ታሪክ ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት ለእያንዳንዱ ወገን የሚደርሰው ድርሻ አለው። የመንግሥት ሠራተኛው ድርሻ አዋጁንና የውሉን ቅጽ በአፋን ኦሮሞና በሌሎቹም የአገሪቱ ቋንቋዎች ወደ ቀበሌ ማድረስ ነው። በሮቤና በጎባ የሚያስተምረው መምህር ከክፍሉ ወንበሮች አንዳንዶቹ ለምን ባዶ እንደሚሆኑ ያውቃል። ሊሄድ ለቆረጠ ልጅ «አትሂድ» ከሚለው ምክር ጎን ለጎን «ደመወዜ»፣ «ፓስፖርቴ»፣ «ታምሜአለሁ»፣ «ቆንስላ ውሰዱኝ» የሚሉትን ጥቂት ቃላት በዐረብኛ ማስጨበጥ ይቻላል። የጥበብ ሰውም ስደትን እንባ ማፍሰሻ ብቻ አድርጎ ከመመልከት አልፎ፣ ደላላው የደበቀውን ውል በመድረክ ላይ ጮክ ብሎ ሊያነብ ይገባዋል።

በ1916 ዓ.ም. ቋንቋችንን ሳያውቁ የመጡትን አርባ ልጆች አገራችን በክብር ተቀብላ መለከታቸውን ሰማች። ዛሬ ከሲናና የስንዴ ማሳ ወደ ባዕድ ወጥ ቤት የሚሄዱት ልጆቿ በእጃቸው መለከት የላቸውም። የሚናገርላቸው መሣሪያ የሚነበብ ውልና የሚያውቁት ቃል ነው፤ እርሱን ከመሄዳቸው በፊት ማስያዝ የአገር ግዴታ ነው።